የፌስቡክ ሎግኢን በተን አልቀየር አለኝ፣ ክላየንቷ ደግሞ ሁሉንም አረንጓዴ አርግልኝ ይላሉ

ጀማሪው_ዴቭ | ማክሰኞ ማታ 3:20

ሰላም ቤተሰብ፣ ሁለት ቀን ሙሉ አንድ በተን ላይ ተቀምጬ እየተቃጠልኩ ስለሆነ ነው የመጣሁት። የሀበሻ ልብስ መሸጫ አፕ ነው፣ አንድሮይድ በኮትሊን፣ ሎግኢን ገፁ ላይ ፌስቡክና ጉግል አሉ፣ የአይፎኑን ሌላ ልጅ ነው የሚሰራው። ክላየንቷ ሽሮ ሜዳ ሱቅ ያላቸው እናት ናቸው፣ በጣም ጥሩ ሰው ናቸው ግን ዲዛይኑን ሳሳያቸው "ልጄ ይሄ ሰማያዊ ምንድነው፣ የኛ ሱቅ እኮ አረንጓዴ ነው፣ ሁሉንም አረንጓዴ አርግልኝ ፅሁፉንም በአማርኛ" አሉኝ። እሺ ብዬ ገባሁበት።

ኤስዲኬው (ፌስቡክ ለዴቨሎፐር የሚሰጠው የኮድ ጥቅል) ይዞት የሚመጣውን የፌስቡክ በተን ባክግራውንዱን ስቀይረው አረንጓዴ ሆነ ግን የጠርዙ ክብነት ጠፍቶ ሳጥን ሆኖ ቀረ። ፅሁፉን በኮድ አማርኛ ስሰጠው ደግሞ ገፁ ሲከፈት ተመልሶ እንግሊዝኛ ነው፣ ምንም ባረግ እንግሊዝኛ። የጉግሉ ጭራሽ ፅሁፍ መቀየሪያ የለውም፣ ኮምፓይልም አይሆን። ምን ላርግ? ስልክ ላይ ስለሆንኩ ኮድ መለጠፍ አልቻልኩም፣ በቃል ብትነግሩኝ ይገባኛል።


የፒያሳ_ልጅ | 3:31

ቀላል ነው ብሮ። ኦሪጅናሉን በተን ደብቀው፣ ከላዩ የራስህን አረንጓዴ በተን ስራ፣ ያንተ ሲነካ የተደበቀውን በኮድ እንደተነካ አርገው፣ ፐርፎርም ክሊክ በለው አለቀ። የ5 ደቂቃ ስራ ነው። እኔ ሶስት አፕ ላይ እንደዛ አርጌ ማንም ምንም አላለኝም።


ፍሉተር_ብቻ | 3:40

ፍሉተር (አንዴ ተፅፎ ለአንድሮይድም ለአይፎንም የሚሆን አፕ መስሪያ) ብትጠቀም ኖሮ ይሄ ጥያቄ ራሱ አይኖርም ነበር፣ እዛ በተኑን ከመጀመሪያውም አንተ ነህ የምትስለው፣ ፓኬጁ ሎግኢኑን ብቻ ነው የሚሰራልህ።


የፒያሳ_ልጅ | 3:41

መጣ ደሞ ይሄ። ሰው በተን ጠፋብኝ ሲል ቤት ቀይር ይለዋል።


ጀማሪው_ዴቭ | 4:15

ፒያሳ ተባረክ ሰራ!! አረንጓዴ፣ ጠርዙ ክብ፣ አማርኛ። ነገ ላሳያቸው ነው።


ጀማሪው_ዴቭ | ረቡዕ ማታ 2:05

ተመልሻለሁ፣ ደስ በማይል ዜና። ዛሬ ሱቃቸው ሄጄ ስልካቸው ላይ ጫንኩላቸው፣ መጀመሪያ ሲነኩት ገቡ፣ ጥሩ። ከዛ አፑን ዘግተው ከፈቱት፣ የኔ ኮድ ገና ሎግኢን መደረጉን ስለማያይ መግቢያውን ገፅ ድጋሚ አመጣው፣ እሳቸውም "በፌስቡክ ይግቡ" የሚለውን ሲነኩ በእንግሊዝኛ ልውጣ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሳጥን መጣ። "ልጄ ግቢ ይለኛል ከዛ ውጪ ይለኛል" አሉኝ፣ ሰራተኞቹ ሳቁ። አፈርኩ። ይሄ ከየት መጣ እኔ እንደዚህ አይነት ሳጥን አልሰራሁም።


ቡና_እና_ኮድ | 2:30

ሳጥኑን ያመጣው ያ የደበቅከው በተን ነው። ተረጋጋና ከስር ጀምሬ ላስረዳህ፣ ይሄን ነገር ሰው ሁሉ በየጊዜው ስለሚጠይቅ አንዴ ረዘም አርጌ ልፃፈው።

የፌስቡክ ሎግኢን በተን እንዲሁ ባለ ቀለም በተን አይደለም፣ የራሱ ጭንቅላት ያለው ነገር ነው። ስክሪን ላይ ሲወጣ "ይሄ ሰው ገብቷል ወይስ አልገባም" ብሎ አክሰስ ቶክኑን (ሰው ሲገባ ፌስቡክ የሚሰጠውን ዲጂታል ማለፊያ) ያያል፣ ካልገባ የመግቢያ ፅሁፍ ከገባ ደግሞ የመውጫ ፅሁፍ ራሱ ይፅፋል። አንተ የሰጠኸውን አማርኛ የበላው ይሄ ነው፣ እንደ ተራ በተን ፅሁፍ ሰጠኸው እሱ ደግሞ ተራውን ጠብቆ በራሱ ሰረዘው። ለሱ ፅሁፍ መስጫው ሌላ ነው፣ ሎግኢን ቴክስትና ሎግአውት ቴክስት የሚባሉ ሁለት የራሱ አትሪቢውቶች አሉት። ወይ ደግሞ ላይብረሪው (ኤስዲኬው) ውስጥ ያለውን ስትሪንግ፣ ማለትም ፅሁፍ፣ በዛው ስም አንተ የአማርኛ ስትሪንግ ፋይልህ ላይ ብትደግመው ያንተ ያሸንፋል፣ የአፕ ሪሶርስ ሁሌም የላይብረሪን ይሽራል።

ሲነካ ደግሞ ያው ነው፣ ቶክን ከሌለ ያስገባል፣ ቶክን ካለ "ልውጣ?" ብሎ ይጠይቃል። አንተ ደብቀኸው ከጀርባ ስትነካው እሱ አላወቀም መደበቁን፣ ስራውን ነው የሰራው።

ስለዚህ መደበቅ የሚባለውን ተወው። በተኑን ጭራሽ ከኤክስኤምኤሉ (የገፁ አቀማመጥ ከተፃፈበት ፋይል) አውጣው። ኤስዲኬው ውስጥ ሎግኢን ማኔጀር የሚባል አለ፣ በተኑ ራሱ ከስር የሚጠራው እሱን ነው። የራስህን ማንኛውንም በተን ስራ፣ ሲነካ ሎግኢን ማኔጀሩን ጠርተህ ፐብሊክ ፕሮፋይልና ኢሜይል ፈቃድ ጠይቅ፣ ውጤቱን በኮልባክ ማኔጀር ተቀበል፣ ሶስት መልስ ይመጣልሃል፦ ተሳካ፣ ሰውየው ተወው፣ ስህተት። "ተወው" የሚለውን እንደ ስህተት አትቁጠረው፣ ሰው ተመልሶ ሲወጣ ቀይ ማስጠንቀቂያ የሚያሳዩ አፖች አሉ፣ ምን አጠፋሁ ያስብላል። ገፁ ሲከፈት ደግሞ የአሁኑን አክሰስ ቶክን እይ፣ ካለና ጊዜው ካላለፈበት መግቢያውን ገፅ አታሳያቸው ቀጥታ ወደ ልብሱ ውሰዳቸው። መውጫውን ፕሮፋይል ገፅ ላይ በራስህ በተን ሎግአውት ብለህ ጥራ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ በተኑ እንደተነካ ዲሴብል አርገውና የሚሽከረከር ነገር አሳይ። ኔትወርክ ሲያዘግም የፌስቡኩ ገፅ እስኪመጣ ዝም ይላል፣ ሰው አልሰራም ብሎ አራቴ ይጠቀጥቀዋል።


የፒያሳ_ልጅ | 2:44

እሺ ጋሼ ቡና፣ ተምረናል። የኔ ሶስት አፖች ላይ ግን ማንም አላማረረም እኮ።


ቡና_እና_ኮድ | 2:46

ተጠቃሚ ስለሌላቸው ነዋ።


የፒያሳ_ልጅ | 2:47

😂😂 ይሄ ልክ አይደለም


ጀማሪው_ዴቭ | 2:58

ቡና እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። የጉግሉስ?


ቡና_እና_ኮድ | 3:10

የጉግሉ የድሮው ሳይንኢን በተን በተን ራሱ አይደለም፣ ፍሬም ሌይአውት (ሌሎች ነገሮችን የሚይዝ ሳጥን) ነው ውስጡ ፅሁፍ ያዘለ፣ ለዛ ነው ፅሁፍ መስጫ ያጣኸው። ሰዎች ልጆቹን አንድ በአንድ እየፈተሹ ውስጡ ያለውን ቴክስት ቪው አግኝተው ይቀይሩታል፣ እንዳታረገው፣ ነገ ውስጡን ቢቀይሩት ያንተ ይሰበራል። ደግሞ ያ የድሮው የጉግል ሳይንኢን ላይብረሪ ራሱ ዴፕሪኬትድ ሆኗል (ከእንግዲህ ተጠቀሙበት አይባልም)፣ አሁን ክሬደንሻል ማኔጀር በሚባለው ነው የሚሰራው፣ እሱ ደግሞ ዝግጁ በተን አይሰጥህም፣ በተኑን አንተ ትስላለህ ሲነካ ትጠራዋለህ። ሁለት አይነት ጥሪ አለው፣ አንዱ ሰው ሳይነካ ከስር ብቅ የሚለው ሺት (ትንሽ መስኮት) ነው፣ ሌላው ለበተን ተብሎ የተሰራ ነው። በተን ካለህ ሁለተኛውን ተጠቀም፣ የመጀመሪያው ስልኩ ላይ የጉግል አካውንት ከሌለ ምንም ሳያሳይ ስህተት መልሶልህ ዝም ይላል።


ጥያቄ_አለኝ | 3:22

ይቅርታ ክሩን ልጥለፍና፣ እኔ ጉግሉ ስልኬ ላይ ይሰራል ፕለይ ስቶር ላይ ስጭነው ግን ስህተት 10 ይለኛል። ሶስት ሳምንቴ ነው። ፌስቡኩም ኪ ሃሽ ምናምን ይላል።


ቡና_እና_ኮድ | 3:29

10 ማለት ዴቨሎፐሩ ተሳስቷል ማለት ነው በግልፅ ቋንቋ። የጉግል ኮንሶል ላይ ያስገባኸው የኮምፒውተርህን ሻ ዋን (አፑ የተፈረመበት ቁልፍ አሻራ) ነው፣ ፕለይ ስቶር ግን አፕህን በራሱ ቁልፍ ነው ድጋሚ የሚፈርመው። ፕለይ ኮንሶል ውስጥ አፕ ሳይኒንግ የሚለው ጋ ግባ፣ እዛ ያለውን ሻ ዋን ኮፒ አርገህ ጨምርለት፣ የድሮውንም አታጥፋው። ፌስቡክ ላይም ያንኑ ሻ ዋን ወደ ቤዝ 64 ቀይረህ ኪ ሃሽ ቦታ ላይ ጨምር። ሌላ ደግሞ በኮዱ ውስጥ የምትሰጠው ክላየንት አይዲ (ጉግል ለአፕህ የሚሰጠው መለያ) የአንድሮይዱን ሳይሆን የዌቡን ነው፣ እዚህ ላይ ሁላችንም አንዴ ወድቀናል።


ጥያቄ_አለኝ | 3:51

ሰራ። ሶስት ሳምንት። ምን ልበልህ። ቡና በኔ ነው።


ፒክሰል_እህት | ሐሙስ ጠዋት 4:10

እኔ ዲዛይነር ነኝ፣ ኮዱን ትታችሁ ከለሩን የተናገረ ሰው የለም እንዴ? ጀማሪው ወንድሜ፣ ሶስቱንም (ፌስቡክ፣ ጉግል፣ አይፎኑ ላይ ደግሞ አፕል) አረንጓዴ ማድረግ በኮድ ይቻላል፣ በህጋቸው ግን አይቻልም። ሎጎው የነሱ ስለሆነ እንዴት እንደሚታይ መመሪያ አላቸው።

የጉግሉ ጥብቅ ነው። ያ ባለ አራት ቀለም ምልክት ቀለሙ አይነካም፣ ነጭ ወይ አንድ ቀለም አርጎ አረንጓዴ ላይ መለጠፍ የለም። የፈቀዷቸው ሶስት አይነቶች ናቸው፣ ነጩ (ዙሪያው ግራጫ መስመር ያለው፣ የመስመሩ የቀለም ኮድ 747775 ነው)፣ ጥቁሩ (131314) እና መስመር የሌለው ገርጣ ያለ ግራጫው። ፅሁፉ ሮቦቶ ሚዲየም በሚባለው ፎንት 14፣ ክፍተቱ አንድሮይድ ላይ ከምልክቱ በግራ 12፣ በምልክቱና በፅሁፉ መሃል 10፣ በቀኝ 12። ሌላ ደግሞ የጉግሉ በተን ከሌሎቹ አንሶ ወይ ደብዝዞ እንዲታይ አይፈቅዱም። የአፕሉ ጥቁር ወይ ነጭ ብቻ ነው፣ የፌስቡኩም ምልክት በራሱ ሰማያዊ ወይ በነጭ እንጂ በአረንጓዴ የለም።

እና እትዬን ምን ትላቸዋለህ? ሶስቱንም ነጭ አርጋቸው፣ አንድ አይነት ቁመት አንድ አይነት ጠርዝ፣ ቀጭን ግራጫ መስመር። ሁሉም ህግ ውስጥ ነው፣ ሶስቱም እህትማማች ይመስላሉ፣ ነጭ ደግሞ የሀበሻ ልብስ አፕ ላይ እንዴት እንደሚያምር አስበው። አረንጓዴውን የት እንደምታረግ ደግሞ ልንገርህ፣ "በስልክ ቁጥር ይግቡ" የሚለው ላይ። እሱ የራሳቸው በር ነው፣ የማንም ሎጎ የለበትም፣ እንደፈለጋቸው ይቀቡት። ከላይ ትልቁን አረንጓዴ፣ ከስር "ወይም" የምትል ትንሽ መስመር፣ ከዛ ሶስቱ ነጮች።


ጀማሪው_ዴቭ | 4:35

እህታለም ይሄ ጥሩ ሀሳብ ነው!! ግን የስልክ ቁጥር መግቢያ አልነበረንም፣ ሴትየዋ ሶሻል ሚዲያ ይበቃል ብለው ነው። ኤስኤምኤስ ደግሞ ያስከፍላል።


ቡና_እና_ኮድ | 5:02

ይሄን አስተካክል። የ2015ቱን የካቲት ረሳኸው? ፌስቡክ ቴሌግራም ዩቲዩብ ቲክቶክ አንድ ላይ ተዘግተው እስከ ሐምሌ አምስት ወር ገደማ ሰው በቪፒኤን ነበር የሚኖረው። ያኔ መግቢያው ፌስቡክ ብቻ የሆነ አፕ የነበረው ሰው ምን እንደሆነ አስበው፣ አፑ አልተዘጋም ሰርቨሩ አልተዘጋም፣ ደንበኛው ግን በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። እኔ ያኔ አንድ ትንሽ አፕ ነበረኝ፣ ቪፒኤን ያለው ይገባል የሌለው ይደውልልኛል። አምስት ወር ሙሉ ስልክ አነሳሁ። ከዛ ወዲህ ከሌላ ሰው በር በተጨማሪ የራሴ በር ሳይኖረኝ አፕ አላወጣም።

ሁለተኛ፣ ፌስቡክ ኢሜይል ይሰጠኛል ብለህ ዳታቤዝህን በኢሜይል እንዳትሰራው። እኛ ሀገር ብዙ ሰው ፌስቡክ የከፈተው በስልክ ቁጥሩ ነው፣ ኢሜይል ጠይቀህ ሰውየው እሺ ቢልህም ባዶ ነው የሚመጣልህ። ኢሜይል ግዴታ አርገህ ከሆነ ሎግኢኑ ተሳክቶ ምዝገባው ይወድቃል፣ ሰውየው ደግሞ ለምን እንደሆነ አያውቅም። መለያ አርገህ የምትይዘው የፌስቡክ ዩዘር አይዲውን ነው።


የፒያሳ_ልጅ | 5:10

ስልክ ቁጥር ስታስገቡ ደግሞ 09 ብቻ እንዳትቀበሉ። ሳፋሪኮም 07 ነው የሚጀምረው። አንድ አፕ ላይ "ትክክለኛ ቁጥር ያስገቡ" እያለኝ ቁጥሬን ከሲም ካርዱ ላይ እያየሁ አራቴ ፃፍኩት። ዲያስፖራ ካለ ደግሞ ሌላ የሀገር ኮድም ያስፈልጋል።


ጀማሪው_ዴቭ | 5:18

ዲያስፖራማ ዋናው ደንበኛ ነው፣ ለፋሲካና ለሰርግ አሜሪካ ያሉት ናቸው የሚያዙት። ግማሹ አይፎን ነው የሚይዘው።


ስዊፍት_በዲሲ | ሐሙስ ማታ 5:40

ከስራ ስወጣ አየሁት፣ እኔ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ አይፎን ነው የምሰራው፣ የአይፎኑን ለሚሰራው ልጅ ይሄን አሳየው።

አፕል በ2019 አይኦኤስ 13 ላይ ሳይንኢን ዊዝ አፕልን ሲያመጣ ፌስቡክ ወይ ጉግል መግቢያ ያለው አፕ የነሱንም ማስገባት አለበት ብሎ ነበር፣ የግምገማ መመሪያው ላይ 4.8 የሚባለው ነው። በ2024 መጀመሪያ ላይ ትንሽ አላልተውታል፣ አሁን ግዴታ የአፕሉ መሆን የለበትም፣ ግን ስምና ኢሜይል ብቻ የሚወስድ፣ ኢሜይሉን መደበቅ የሚያስችል፣ ያለፈቃድ ለማስታወቂያ የማይከታተል ሌላ መግቢያ መኖር አለበት። በተግባር ብዙው ሰው የአፕሉን ያስገባል፣ ይቀላል።

ለበተኑ ሲስተሙ የራሱን ይሰጣል፣ ሶስት መልክ አለው ጥቁር፣ ነጭና ነጭ ባለ መስመር፣ የጠርዙን ክብነት መቀየር ይቻላል። የእህታችን ሀሳብ ላይ ባለ መስመሩ ነጭ ልክ ይገባል። ችግሩ ሲስተሙ የሚሰጠው በተን ፅሁፉ የሚወጣው ስልኩ በሚያውቀው ቋንቋ ነው፣ አይፎን ደግሞ የሲስተም ቋንቋው ውስጥ አማርኛ የለም። ስለዚህ አማርኛ ከፈለጋችሁ የራሳችሁን መሳል ነው፣ ይፈቅዳሉ፣ ግን ምልክቱና ፅሁፉ ሁለቱም ጥቁር ወይ ሁለቱም ነጭ፣ የበተኑ ቁመት የፅሁፉ መጠን 2.3 እጥፍ ገደማ፣ ቢያንስ 140 በ30 ፖይንት፣ ከሌሎቹ መግቢያዎች ያላነሰ፣ ወደታች ሳይጎተት የሚታይ።

ደሞ አስፈላጊው ነገር፣ አፕል ስሙን የሚሰጣችሁ ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ብቻ ነው። ያኔ ካልያዛችሁት በሁለተኛው ባዶ ነው። እኔ መጀመሪያ ስሰራው ሰርቨሬ ያንን ጥያቄ ሲቀበል ወድቆ ነበር፣ ስም የሌላቸው ደንበኞች ይዤ ቀረሁ፣ "ውድ ባዶ" ብሎ ኢሜይል የላከው የኔ አፕ ነው።

የፌስቡኩ የአይፎን በተን ላይ ደግሞ ቁመቱ አልቀየር ካለ፣ የድሮው ውስጡ የ28 ቁመት ኮንስትሬይንት (ቋሚ ገደብ) ስላለው ነው፣ ሰዎች ፈልገው ያጠፉታል። ግን ቡና እንዳለው ነው፣ እዛም ሎግኢን ማኔጀር አለ፣ የራስህን ሳል።


ፍሉተር_ብቻ | 5:58

ሁላችሁም ዞራችሁ ዞራችሁ "የራስህን ሳል" አላችሁ። እኔ ማክሰኞ ነው ያልኩት።


የፒያሳ_ልጅ | 6:00

አሁንስ ልክ ነው ይሄ ሰውዬ ምን ላርገው


ፒክሰል_እህት | ዓርብ ጠዋት 3:15

እሺ አሁን ፅሁፉ። "ይግቡ" ነው "ግባ"? ብዙ አፕ "በፌስቡክ ግባ" ይላል፣ እኔን ወንድ ያረገኝ ማነው? ደንበኞቹ ደግሞ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው።


የፒያሳ_ልጅ | 3:19

"በፌስቡክ ግቢ" በልላቸው፣ ሰው የፌስቡክ ጊቢ ውስጥ የሚሸጥ ልብስ ይመስለዋል 😂


ፒክሰል_እህት | 3:24

😂 ለዛ ነው "ይግቡ" የሚሻለው፣ ወንድም ሴትም አይልም፣ እትዬንም ያከብራል። እኔ ግን "ይቀጥሉ" ነው የምመርጠው። የሶሻል በተን ለአዲስ ሰውም ለድሮ ሰውም አንድ ስለሆነ "ይግቡ" ሲል አዲሷ ሰው "እኔ መቼ ተመዘገብኩና" ብላ መመዝገቢያ ትፈልጋለች። ሶስቱም "ቀጥል" የሚለውን አባባል ይቀበሉታል።

ሌላው የስሙ አፃፃፍ። ጀማሪው "ፌስቡክ"ን በፊደላችን ነው የፃፍከው አይደል? የፌስቡክ የብራንድ መመሪያ ስማችንን ወደ ሌላ ቋንቋ ወይም ሌላ ፊደል አትቀይሩ ይላል። ስለዚህ "በ" ብለህ ስሙን በላቲን ነው ማስገባት ያለብህ። እኔም አልወደውም፣ "በ" ብቻዋን ከባዕድ ፊደል ጋር ተለጥፋ ታስጠላለች፣ ግን በተን ላይ እንደዛ ነው። ከበተኑ ውጪ ባለው ማብራሪያ ላይ እንደፈለክ ፃፍ ማንም አያይህም።


ጀማሪው_ዴቭ | 3:40

ሁለቱን ፊደል ስደባልቀው ፎንቱ አይገጥምም፣ የእንግሊዝኛው ወፈር ያለ ነው የአማርኛው ቀጠን ያለ። ደግሞ አማርኛው ፊደል ከፊደል ተራርቆ "ይ ቀ ጥ ሉ" ይመስላል።


ፒክሰል_እህት | 3:52

ሮቦቶ ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም፣ አንድሮይድ ራሱ በኖቶ ኢትዮፒክ ይተካዋል፣ ለዛ ነው የማይገጥመው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በሚዲየም ውፍረት አውርደህ አፑ ውስጥ ጨምረው፣ ያኔ ይቀራረባሉ።

መራራቁ ደግሞ ከማቴሪያል በተን (የጉግል ዝግጁ የበተን ዲዛይን) የመጣ ነው። የቀድሞው ስታይል ፅሁፉን በሙሉ ካፒታል አድርጎ በፊደሎቹ መሃል ክፍተት ይጨምራል፣ የኛ ፊደል ካፒታል ስለሌለው ካፒታሉ ምንም አያመጣም ክፍተቱ ግን ይቀራል። ሌተር ስፔሲንጉን ዜሮ አርገው።


ቡና_እና_ኮድ | 4:05

ፌስቡኩን ለሰው ከመክፈትህ በፊት ደግሞ አፑን ከዴቨሎፕመንት ወደ ላይቭ መቀየርህን እርግጠኛ ሁን፣ አለበለዚያ የሚገባው አንተና አስተዳዳሪ፣ ዴቨሎፐር ወይ ቴስተር ያደረካቸው ሰዎች ብቻ ናችሁ፣ ሌላው አፑ አይሰራም ተብሎ ይመለሳል። ላይቭ ለማድረግ የፕራይቬሲ ፖሊሲ ሊንክና ዳታ እንዴት እንደሚጠፋ የሚያስረዳ ሊንክ ይጠይቅሃል። አካውንት ማጥፊያም አፑ ውስጥ ይኑር፣ ሁለቱም ስቶር ይጠይቃሉ፣ አፕል ከ2022 ጀምሮ። ኤስዲኬው በነባሪው የአፕ ኢቨንትና የማስታወቂያ መለያ ይሰበስባል፣ ማስታወቂያ ካላስነገርክ ማኒፌስቱ (የአፑ ማዋቀሪያ ፋይል) ላይ ሁለቱንም ፎልስ አርጋቸው።

የመግቢያውን ገፅ በዌብ ቪው (አፑ ውስጥ በሚከፈት ብሮውዘር) ውስጥ ልክፈተው የሚል ሀሳብም እንዳይመጣብህ፣ ጉግልም ፌስቡክም ዘግተውታል።


ጀማሪው_ዴቭ | ቅዳሜ ማታ 1:30

ቤተሰብ ውጤቱን ላሳውቃችሁ። የራሴን በተኖች ሳልኩ፣ ሎግኢን ማኔጀርና ክሬደንሻል ማኔጀር፣ ነጮቹ ከስር አረንጓዴው የስልክ ቁጥር ከላይ። የኤስኤምኤሱን ወጪ እትዬን አስረዳኋቸው፣ የ2015ቱን ስነግራቸው "አዎ ያኔ የቴሌግራም ቻናላችን ሞቶ ነበር" ብለው ወዲያው እሺ አሉ። አረንጓዴውን ሲያዩ ደግሞ ስለሰማያዊው ረሱት።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። እኔ ስልክ ላይ ጥርት ያለ ነው፣ እሳቸው ስልክ ላይ የ"ይቀጥሉ" አናቱ ተቆርጧል፣ "ቀ" ግማሽ ነው። ስልካቸው ደህና ስልክ ነው።


ፒክሰል_እህት | 1:42

ፎንታቸውን አሳድገውታል? ሴቲንግ ውስጥ እየው።


ጀማሪው_ዴቭ | 1:55

ደወልኩላቸው፣ የመጨረሻው ላይ ነው ያደረጉት 😅 "መነፅሬን ስለምረሳ ነው" አሉኝ።


ፒክሰል_እህት | 2:03

በቃ እሱ ነው። ፅሁፉ ከሰውየው ሴቲንግ ጋር ያድጋል፣ በተንህ ግን በ48 ቁመት ተቸንክሯል። የማቴሪያል በተን ደግሞ ከላይና ከታች ከውስጡ ትንሽ ስለሚቀንስ የምታየው ከ48ም ያነሰ ነው፣ የኛ ፊደል ደግሞ ከላቲኑ ቁመቱ ይረዝማል። ቁመቱን ቋሚ አታርገው፣ ዝቅተኛ ቁመት 48 ብለህ ዋናውን ራፕ ኮንቴንት (እንደ ይዘቱ የሚያድግ) አርገው፣ ከላይ ከታች 8 ፓዲንግ ስጠው፣ ኢንሴቱን (ያን ከውስጥ የሚቀንሰውን) ዜሮ። ፎንት ፓዲንጉን (ከፊደሉ በላይና በታች ያለውን ትርፍ ቦታ) ፎልስ አርገኸው ከሆነም መልሰው።


ጀማሪው_ዴቭ | 2:31

ፎልስ አርጌው ነበር 🙈 መለስኩት፣ አሁን በትልቁም ፎንት ሙሉ ይታያል። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሄጄ አዲሱን እጭንላቸዋለሁ። ብቻ አሁን ስደውል ምን እንዳሉኝ ታውቃላችሁ፣ "ቴሌግራምስ የት አለ፣ ደንበኞቼ ሁሉ እዛ ናቸው"።


ቡና_እና_ኮድ | 2:36

የቴሌግራሙ መግቢያ ዊጀት (ዝግጁ በተን) ለዌብሳይት የተሰራ ነው፣ አፕ ላይ ሰው የሚያረገው ቦቱን በሊንክ ከፍቶ፣ ስታርት ሲል አንድ ኮድ አሲዞ ይልክና ሰርቨሩ ያንን ኮድ ከሰውየው ጋር ያገናኘዋል። ኮዱ ከ64 ፊደል መብለጥ የለበትም፣ አንዴ ብቻ የሚሰራና ቶሎ የሚሞት አርገው። ግን ይሄ ረጅም ነው፣ አዲስ ክር ክፈትና እዛ እንነጋገር።


የፒያሳ_ልጅ | 2:38

አዲሱ ክር ላይ በተኑን ደብቀው የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም።